የኦክላንዱ ተራራ አዋቂ

የልጄ ባል ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ካለው ቤታቸው ጋራዥ አስገብቶ ዕቃውን አሳየኝ። መኪናዋን አስወጥቶ፣ መሬቱ ላይ ሸራ ዘርግቶ፣ በላዩ ላይ አንድ ቤተሰብ ለስደት ሲነሳ የሚይዘውን የሚያህል ጓዝ ደርድሯል። የተራራ በግ ለማደን በዕጣ ፈቃድ ደርሶት ነው። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ጠብቆ የማያገኘው ዕጣ ነው እያለ እጁን ያፋትጋል። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒዩተር ሲነካካ የሚውል፣ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት አሳንሰር የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዱን ጃኬት አንስቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝና "ፊል ኢት፣ አባባ! ኢት ዌይስ ናቲንግ!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምንም አይመዝንም። እንደ ባለቤቱ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታይ ነበርና "ዳድ፣ ያንን ፊትህን ስቶፕ አድርግ እንጂ" ብላ ቆጣች። ምንም አልተናገርኩም እኮ። ፊቴ ግን ወጣት ሳለሁ ጀምሮ ሳልፈቅድለት ይናገራል።

ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክና ናይለን መሀል አንድ ጥንድ የቆዳ ቡት ነበረ፤ አጠገቡ የጫማ ሰም ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። የንብ ሰም ከተርፔንታይን ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ሽታ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳሸት ጊዜ፣ ሰማንያ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰውዬ፣ ሠላሳ ያልሞላኝ ሆኜ ኦክላንድ ብሮድዌይ ላይ በአንድ የአዳኞች ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ክራቫቴ ቀጭን፣ ፀጉሬ ጎፈሬ፣ ሱሪዬ ከጉልበት በታች እንደ ቃጭል የሰፋ። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። መንገዱ ሁሉ የምድር ውስጥ ባቡር ሊቀበርበት ተቆፍሮ፣ ሴቶቹ በታኮ ጫማ ሳንቃ ላይ እየተራመዱ ወደ ሱቆች ይገባሉ። የቤንዚን ዋጋ በጋሎን ሠላሳ ምናምን ሳንቲም ነው። እኔ የምኖርበት ፍሩትቬል በነሐሴ ወር የቲማቲም ማሸጊያው ፋብሪካ ሰፈሩን ሁሉ ስልስ ስልስ ያሰኘዋል፤ ከዚያ በሃያ አምስት ሳንቲም አውቶቡስ ተሳፍሬ ሱቅ ስገባ ደግሞ ያ የሰም ሽታ ይቀበለኛል። ፀጉር ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሬዲዮ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ሁሉ ስለ ፍቅር፣ ሰዉ ሁሉ ግን ስለ ገንዘብና ስለ ጦርነት ነው የሚያወራው። ደስ የሚል ዘመን ነበረ ይላሉ። ለወጣት የማይደላ ዘመን የለም እንጂ፣ ሰዉ ያኔም ያው ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሚስተር ሃርላን ይባላል፤ ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሱቁ በር ሲደርስ የሚያለከልክ የተራራ ዕቃ ነጋዴ። ሲቀጥረኝ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

"ኢትዮጵያ ውስጥ ተራራ አለ?"

"ከተራራ በቀር ምንም የለም" አልኩት።

በዚያው ቀን ተቀጠርኩ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በነጭ ሸሚዝና በካኪ ቁምጣ፣ ከራሳቸው በላይ ቬንቲላተር እየዞረ የጭነት ደረሰኝ ሲጽፉ የኖሩ ሰው። ከእኛ ቤት የታደነ ነገር ቢኖር አይጥ ነው። በረዶ የማውቀው በብርጭቆ ውስጥ ነው። ሚስተር ሃርላን ግን ለደንበኞቹ "ይህ ልጅ ከአባቱ ጋር በዓለት ላይ የተራራ ፍየል ሲያድን ያደገ ነው" ብሎ አስተዋወቀኝ። በመጀመሪያው ቀን ዝም አልኩ። በሁለተኛው ቀን ራሴን ነቀነቅኩ። ወር ሳይሞላ ታሪኩን ከሱ የበለጠ አሳምሬ የምናገር እኔ ሆንኩ።

የሚገዙትን ሰዎች ብታዩ አይፈረድበትም ትሉ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፦ የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መኪና ሻጭ። ወደ አላስካ ወይ ወደ ካናዳ ሄደው ነጩን የተራራ በግ ሊገድሉ ነው። ቀንዱ ዞሮ ዞሮ የተጠቀለለ አውራ ካልገደሉ ወንድ የሆኑ አይመስላቸውም። ያንን አውራ ለመግደል ደግሞ መጀመሪያ ሱቁን ተሸክመው መውጣት አለባቸው። የሩቅ ማያ መነጽር፣ ከዚያ ደግሞ የበለጠ የሚያቀርብ ባለ አንድ ዓይን መነጽር፣ የዳክዬ ላባ የተሞላ ጃኬት፣ የዳክዬ ላባ የተሞላ የመኝታ ከረጢት፣ የዳክዬ ላባ የተሞላ የእግር ሹራብ ሳይቀር። አንዱ መስታወት ፊት ጠመንጃ ሳይሆን የጠመንጃ ማንገቻ ለብቻው ትከሻው ላይ አድርጎ ወዲህ ወዲያ ሲል ግማሽ ሰዓት ቆየ። እንደምገምተው ዳክዬዎቹ ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ሚስተር ሃርላን ጣቱን ያጮህና "ያቺን የአዳኝ ዜማ በልልን" ይለኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ዱላ ከፍ አድርጌ፣ በፉከራ ድምፅ እጮሃለሁ፦

"ሁርሶ! ኤረር! ጎታ! አፍደም! ሙሉ! ሚኤሶ! አሰቦት! አዋሽ! መተሐራ! ዘራፍ!"

የባቡሩ ጣቢያዎች ስም ነው። ከዘራፍ በቀር ከአባቴ ደረሰኝ ላይ የተወሰደ ነው። የጥርስ ሐኪሞቹ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ያጨበጭባሉ፤ እኔ በሆዴ እስቅባቸዋለሁ። የእኛዎቹ ተማሪዎችም ቢሆኑ ከነሱ አይሻሉም። በርክሌይ በየስብሰባው ስለ ትጥቅ ትግል ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ተከራክረው፣ በማግስቱ ሱቅ መጥተው ጫማ ይለካሉ፣ ቅናሽ ይጠይቃሉ፣ ደግሞም ቀለሙን ይመርጣሉ። ሁሉንም እንቅ ነበር። ንቀት ርካሽ ዕቃ ነው፤ ያኔ ከኪሴ የማይጠፋው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ያንን የጣቢያ ፉከራ ፎክሬ ስጨርስ፣ ከጭብጨባው መሀል አንድ ሰው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ የወደብ ሠራተኛ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ። ጭብጨባው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ በአማርኛ "ወንድሜ፣ አዋሽ ላይ ለምሳ ሳትቆም አለፍክ እኮ" አለኝ።

ዱላዬን አወረድኩ። ስሙ ወርቁ ነው። የደባርቅ ልጅ፤ በአንድ ኮሌጅ ስለ አፈርና ስለ ድንጋይ ይማራል፣ ከትምህርት በኋላ ኦክላንድ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ጭነት እየቆጠረ ይመዘግባል። አባቱ በሰሜን ተራሮች ላይ የፈረንጅ አዳኞችን እየመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማለትም እኔ ነኝ የምለው ሁሉ፣ እሱ ነው። የሚገርመው፣ አላጋለጠኝም። የጫማ ሰም ገዝቶ፣ እየሳቀ፣ አድራሻውን ጽፎልኝ ሄደ። እኔ ግን ደባርቅን ጨምሬ ናቅሁት፦ እንግሊዝኛውን፣ አጠር ያለች ሱሪውን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈኑን። እውነተኛውን ነገር ሲያዩት እንዲህ ተራ ነው ብዬ ተገረምኩ።

በዚያው በጋ ሚስተር ዊትሎክ መጣ። ሳን ሆዜ የአባቱ የፕለም እርሻ ነበረው፤ ዛፎቹን በአንድ ክረምት ነቅሎ፣ መሬቱን ቆራርሶ ለቤት ሠሪዎች ሸጦ፣ ገንዘቡን ምን እንደሚያደርገው ግራ የገባው ግዙፍ ሰው። ዛፎቹ ሲቃጠሉ ጭሱ ሦስት ቀን ጣፋጭ እንደሸተተ በኩራት ይናገራል። ሱቅ ገብቶ "ምርጥ የሚባለውን ሁሉ ስጠኝ" አለ። ሰጠሁት። ቡቱን ሲለካ ቁጥሩ ጠበበው፤ አንድ ቁጥር ከፍ የሚለው አልቆ ነበር፣ እስኪመጣም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የቡቱ ዋጋ አርባ አምስት ዶላር ነው፣ ያኔ የወር ኪራዬን ግማሽ የሚያህል። ሚስተር ሃርላን ከገንዘብ መቀበያው ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"ጣቴን ይነካኛል" አለ ዊትሎክ።

"በአገሬ አዳኝ ጫማውን አጥብቆ ነው የሚጫማው፣ ድንጋዩን እንዲሰማው" አልኩት።

ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ዊትሎክ ግን ዓይኑ በራ፤ ቆሞ ሁለት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ብሎ ገዛው። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ "በነሐሴ መጨረሻ አላስካ ነው የምሄደው። ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። የአውሮፕላኑን፣ የምግቡን፣ የሁሉን እከፍላለሁ። እንዳንተ ያለ ሰው አጠገቤ እንዲኖር እፈልጋለሁ" አለኝ። ሚስተር ሃርላን እኔን ቀድሞ እሺ አለልኝ። ለሱቁ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም! እምቢ ብል ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እሱ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ፣ ውሸቴን ከመድገሜ ብዛት የተነሳ እኔም ትንሽ ትንሽ አምኜው ነበር።

እምነቴ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን እሑድ አውቶቡስ ቀያይሬ ሳን ፓብሎ፣ ወርቁ ወደ ተከራያት ክፍል ሄድኩ። ከአንድ የመኪና ጎማ መጠገኛ በስተኋላ ያለች፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ ክፍል ናት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

"በረዶ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"አውልቅ ጫማህን።"

እግሬን እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው። ጥፍሬን በደንብ እንድቆርጥ ነገረኝ። ከዚያ ከሱቅ በቅናሽ ያመጣሁትን ቡት አድርጌ እግሬን ወደ ፊት እንድገፋ አዘዘኝና ጣቱን ከተረከዜ ኋላ ሰደደ።

"እዚህ ጋ አንድ ጣት ካልገባ አይሆንም። ሰው ሁሉ ዳገት ይፈራል፤ እግር የሚበላው ግን ቁልቁለት ነው። ስትወርድ ጣትህ ከጫማው ፊት ጋር ከተጋጨ በሁለተኛው ቀን ሰው ተሸክሞህ ነው የምትመለሰው። ደግሞ አዲስ ጫማ ይዘህ ተራራ አትወጣም። በውሃ ንከረውና እግርህ ላይ እስኪደርቅ ከዚህ እስከ ሪችመንድ ተመላለስ።"

ለጉዞው ያሰናዳሁትን ሻንጣ ገለበጠው። ጂንስ ሱሪዎቼን ወደ አልጋው ወረወራቸው። የጥጥ ሸሚዞቼንም።

"ጥጥ እርጥብ ከሆነ ጠላት ነው። ሱፍ ቢረጥብም ያሞቅሃል። የላባ ጃኬት ደረቅ ብርድ ላይ ጌታ ነው፤ አንዴ ከራሰ ግን እንደ እርጥብ ዶሮ ይጣበቅብሃል። ይህ ምንድነው?"

"ተጣጣፊ ወንበር።"

ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበሩን በር ላይ አስቀመጠው። እንዲህ እንዲህ እያለ የሻንጣዬን ሁለት ሦስተኛ አስቀረ። በመጨረሻ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ ካፖርት አውርዶ ላዩ ላይ አጠፈልኝ። ወደብ አካባቢ ካለ የአሮጌ የመርከበኛ ልብስ መሸጫ በሁለት ዶላር የገዛው፣ ክርኑ የተጣፈ፣ እንደ በግ የሚከብድ ሱፍ ነው።

"ጠዋት ጠዋት ወደብ ላይ ስለሚበርደኝ ስትመለስ አምጣልኝ" አለ። ደግሞ በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ። "ያ ሰውዬስ? የሱ ጫማ እንዴት ነው?"

"ልክክ ብሎለታል።"

"ልክክ ካለማ መጥፎ ነው። ንገረው፣ ይቀይር። ገና ጊዜ አለ።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

አልነገርኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነበረኝ፤ ዊትሎክ ሦስት ጊዜ ሱቅ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል። መናገር ማለት ግን ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ደግሞ አላውቅም ማለት ነው። ካፖርቱንም ቢሆን ይዤው የሄድኩት ወርቁን እንዳላስቀይመው ብዬ እንጂ አፍሬበት ነበር። ከጓዜ ሁሉ ከታች ቀበርኩት።

አላስካ ላይ ያረፍነው በሁለት ሰው አውሮፕላን፣ ተራ በተራ፣ ወንዝ ዳር ባለ ጠጠር ላይ ነው። እንደ ደንቡ መሪ ያስፈልጋልና ካርል የሚባል ሽማግሌ ይጠብቀናል። የዊትሎክ ጓዝ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ካርል ፒፓውን እያጨሰ ቆጠረ። ሰባት ከረጢት። ከሰባቱ አምስቱን ያለ አንድ ቃል ወንዙ ዳር ባለው ድንኳን ውስጥ ጣለና ሸራ አለበሰው። ዊትሎክ ሲጮህበት "ተራራው ላይ የሚሸከምልህ ካገኘህ ውሰደው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ያንን ሽማግሌ ብቻ ነው ያልናቅሁት። ዊትሎክ ወደ እኔ ዞሮ "ንገረው እንጂ!" አለኝ። እኔም እንደ ተራራ አዋቂ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ሰማዩን አየሁ።

ሁለት ቀን ወጣን። ዊትሎክ ሲወጣ ደህና ነበር፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ቢነፋም ይወጣል። በየዕረፍቱ መነጽሩን አውጥቶ ስለ መስታወቱ ጥራት ያስተምረናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአንድ ሸንተረር በታች አየናቸው፦ አምስት አውራዎች፣ ከድንጋዩ ጥቁረት የተነሳ እንደ ታጠበ ልብስ የነጡ። አንደኛው ቀንዱ ሙሉ ዞሮ ከዓይኑ በላይ ይወጣል። ካርል በሆዳችን እንድንሳብ በእጁ አመለከተ። ዊትሎክ ግን ጠመንጃውን ሳይሆን መነጽሩን አነሳ፤ የመነጽሩ ብረት በፀሐይ ቦግ አለ። አውራዎቹ አልደነገጡም። አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩን፣ ከዚያ እንደ ሹማምንት ተራ ገብተው፣ ሳይቸኩሉ ከሸንተረሩ ማዶ ገቡ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በዚያ ጉዞ ሁሉ ካየኋቸው ፍጥረታት ክብር የነበራቸው እነሱ ናቸው፤ የናቁን መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር።

ስንመለስ ነው ነገሩ የመጣው። በሚናድ ጠጠር ላይ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ ዝናቡ ወደ እርጥብ በረዶ ተለወጠ። ዊትሎክ አንድ ሰዓት እንደወረደ ማነከስ ጀመረ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተቀመጠ። ውድ የላባ ጃኬቱ ራሰና ደረቱ ላይ ተጣበቀ፤ ወርቁ እንዳለው ልክ እርጥብ ዶሮ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። በኋላ መንቀጥቀጡን አቆመና ስለ አባቱ ዛፎች ያወራ ጀመር፤ ምላሱ ተሳስሮ እንደ ሰካራም፦ ዛፎቹ የት ሄዱ፣ ማን ቆረጣቸው እያለ። ካርል ፊቱን አይቶ ድምፁ ተለወጠ።

"ደረቅ ሱፍ አለህ?" አለኝ።

ካፖርቱ ከከረጢቴ ከታች ነበር፣ ባፈርኩበት ቦታ። ጃኬቱን ገፈን፣ እርጥብ ሸሚዙን ቀደን፣ የወርቁን ካፖርት አለበስነው። ቡቶቹን ለማውለቅ ስሞክር እንደ ሕፃን ጮኸ። እግሩ አብጦ በጫማው ቆዳ ውስጥ ታሽጓል። የካርልን ቢላ ተቀብዬ የቡቶቹን አፍንጫ ቆረጥኩት፤ ያንን አርባ አምስት ዶላር፣ ያንን በገዛ አፌ የሸጥኩትን። የሹራቡ ጫፍ ደም ነው። ጣቶቹን በመለዋወጫ የሱፍ ሹራቤ ጠቅልዬ፣ አንዳችን ከግራ አንዳችን ከቀኝ ደግፈን እያወረድን ሳለን፣ ሕይወቴን በሙሉ ያልጸለይኩትን ያህል ጸለይኩ። ስለ ሰውየው ነው ብል እዋሻለሁ። ቢሞት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አውቅ ስለነበር ነው።

አልሞተም። ከቀኝ እግሩ ሁለት ጣት ቆረጡለት፣ ጥፍሮቹም ወለቁ። ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ይዞ "ካፖርቱን ማምጣት እንዳለብህ እንዴት አወቅህ? ጫማውንስ መቁረጥ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑ ሙሉ እንባ ነበር። እውነቱን የምናገርባት በር ተከፍታ ነበር፤ ካርል እንኳን አጠገባችን አልነበረም።

"አባቴ ነው ያስተማረኝ። ካፖርቱም የሱ ነበር" አልኩት።

ዊትሎክ ኦክላንድ እንደተመለሰ ምን ያደርጋል? ጫማው እንደጠበበው ረሳ። ለሱ እኔ ነኝ ያዳንኩት። ለሚያውቀው ሀብታም ሁሉ አወራ፤ ሱቁ በሰው ተጨናነቀ። ሚስተር ሃርላን ካፖርቱን ተቀብሎ በሱቁ መስኮት ውስጥ፣ በእንጨት አሻንጉሊት ላይ አልብሶ፣ ከሥሩ ትልቅ ካርድ ጻፈበት፦ የኢትዮጵያ ተራራ አዳኞች ካፖርት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ የሰው ሕይወት ያዳነ። አጠገቡ አዳዲስ የሱፍ ካፖርቶች ደረደረ፣ አንዱ በስልሳ ዶላር። ተሸጠው አለቁ። እኔ የሱቁ ምክትል ኃላፊ ሆንኩ፣ ስሜ የተጻፈባት ባጅ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ወርቁን ላገኘው በየሳምንቱ አስብ ነበር። ከመስኮቱ አውርደህ ስጠኝ ብዬ ሚስተር ሃርላንን እንዴት ልጠይቀው? ሌላ ካፖርት ልገዛለት አስብና ደግሞ፣ የሁለት ዶላር ነገር ነው፣ ረስቶታል እላለሁ።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ፣ ከባሕሩ የሚነሳው ጉም እስከ እኩለ ቀን መገለጥ እንቢ ባለበት ሰሞን ወርቁ መጣ። በመስኮቱ በኩል አየሁት። ቀጭን ሹራብ ለብሷል፣ እጆቹን ብብቱ ሥር አስገብቷል። ካፖርቱ ፊት ለፊት ቆሞ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ክርኑ ላይ ያለውን መጣፊያ አየ፤ እሱ ራሱ የጠቀመውን። ሱቅ ውስጥ ዊትሎክ ከነከዘራው ተቀምጦ ለሦስት አዳኞች ታሪኩን እየተናገረ ነበር፤ ሚስተር ሃርላን ይስቃል። ወርቁ ገባ። ከደንበኞቹ መሀል ማንንም ሳያይ ወደ ሚስተር ሃርላን ሄዶ በዚያች በናቅኋት እንግሊዝኛው ጠየቀ፦

"መስኮቱ ላይ ያለው ሰማያዊ ካፖርት ስንት ነው?"

"እሱ አይሸጥም ጌታዬ" አለ ሚስተር ሃርላን፣ በደስታ። "የዚህ ሰው የአባቱ ነው።" ወደ እኔ ጠቆመ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዊትሎክ ከዘራውን መሬት ላይ ተክሎ በኩራት ፈገግ አለ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ካፖርቱ የሱ ነው ማለት ብቻ። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ወርቁ ጠበቀኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ፣ ሳቁም፣ ወዳጅነቱም፣ መብረዱም ጭምር፣ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ባለሥልጣን ፊት እንደቆመ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና በአማርኛ እንዲህ አለ፦

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎ አባት ካፖርት መሆኑን አላወቅሁም።"

እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚለኝ። እኩያዎች ነን፤ እግሬን በእጁ ይዞ ያየ ሰው ነው። ሚስተር ሃርላን ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ "አድናቆቱን ነው የገለጸው" ብዬ ተረጎምኩለት።

እሱም እኔም እዚሁ ቀረን። ወርቁ ትምህርቱን ጨርሶ የአፈር መሐንዲስ ሆነ፤ በየሰርጉና በየለቅሶው እንገናኛለን። ከሌላው ጋር እየተቃለደ፣ ትከሻ እየመታ ያወራና እኔ ስቀርብ ብድግ ይላል። "ደህና ሰነበቱ? ቤተሰብዎ እንዴት ናቸው?" ሰዉ ጨዋነቱን ያደንቃል፤ ሚስቴ እንኳን "እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አንተን ምን ያህል ያከብርሃል" ትለኛለች። አምስት አሥርተ ዓመት ሙሉ አንዲት ጊዜ እንኳ አልሳተም። እኔ ስንቱን ስንቅ ኖሬ፣ የሱን ያህል የጠራ ንቀት ከማንም አይቼ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ኦክላንድ ለቅሶ ቤት ደርሰን ስንወጣ በሩ ላይ ተገጣጠምን። ሁለታችንም በምርኩዝ ነን። ወደ ጎን አለና በእጁ አመለከተኝ፣ "ይለፉ፤ እርስዎ ይቅደሙ።"

እንደ ባህላችን አይደረግም ብሎ መግደርደር ነበረብኝ። እኔ ግን ቀድሜው ወጣሁ።